ዳገቱ፣ ግብሩና ሞተሩ፦ አሮጌ መኪና ላይ ጉልበታም ሞተር የመጫን ታሪክ

ከሐይቅ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ የሐይቁ ውሃ እታች ዝቅ ብሎ ሲተኛ ደሴ ደግሞ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ተሰቅላለች። አምስት ሰው የጫነች፣ ፖርቶመጋላዋ ላይ ሁለት ጆንያ የታሰረባት ዲኤክስ ይህን ዳገት ስትወጣ ሹፌሩ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲመልስ፣ ከኋላ የተደረደሩት አይሱዙና ዶልፊኖች ጥሩምባ ሲያንባርቁ ማየት ለወሎ ሰው ብርቅ አይደለም። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ አምባሰል ተራሮች የሚተመው መኪና ደግሞ ከዚህ የባሰ ፈተና አለበት። በየዳገቱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ራዲያተሩ እስኪበርድ ድንጋይ ጎማው ሥር ደግፎ የሚቆመው ብዙ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው አንድ ቀን ጋራዥ ሲገባ የሚቀርብለት ምክር ይታወቃል፦ «ሞተሯን ለውጥና ተገላገል።» ከአነስተኛዋ መኪና ትንሹን ሞተር አውርዶ ጉልበት ያለው መጫን። ብዙ ሰው ይህን ነገር ከጎረምሳ የፍጥነት ሱስ ጋር ያያይዘዋል። በእርግጥ ጎረምሳም አለበት። ነገር ግን በኢትዮጵያ የሞተር ቅየራን የወለዱት ከጉርምስና የበለጡ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ዳገት፣ እጥረትና ግብር። ታሪኩን ያላወቀ ሰው ዛሬ እየመጣ ያለውን ነገርም አያውቀውም።

ከዳገቱ እንጀምር። ቤንዚን ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በአየርም ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል። በ2,500 ሜትር ላይ ያለው አየር ከጅቡቲ ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንዱ ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በለጥ ያለው፣ ጎድሎበታል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ የሚቀንሰውም በዚያው ልክ ነው። ጃፓን ፋብሪካ ውስጥ 60 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተመዘገበ ሞተር ደሴ ፒያሳ ሲደርስ 50 እንኳ አይሞላም። ባለቤቱ «ሞተሩ ደከመ» ይላል፤ አዲስ ሆኖ እንኳ እዚህ ቢመጣ ያው ነበር። በባህር ዳርቻ አገር በቂ የሆነች መኪና በወሎ ደጋ ላይ ከመጀመሪያውም ጎደሎ ናት።

ሁለተኛው እጥረት ነው፤ የእሱ ታሪክ ደግሞ ከዚሁ መንገድ ጋር የተጋመደ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም በአምባሰል ምድር፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጹ አማርኛና ጣሊያንኛ ሳይስማሙ ቀርተው ጦርነት አመጣ። ከ47 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም፣ ጣሊያን ደሴን ያዘ። በአምስቱ ዓመት ወረራ ከአስመራ በአላማጣ፣ በወልዲያ፣ በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ ደሴ የሚገባውን፣ ከዚያም አዲስ አበባ የሚዘልቀውን የመኪና መንገድ ሠራ። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም ደሴን ለቀቀ። ወታደሩ ሄደ፤ መንገዱ፣ ካሚዮኑና ቃሉ ግን ቀረ።

ቃሉ ቀረ ሲባል ማጋነን አይደለም። ዛሬም ከሐይቅ ጎሚስታ እስከ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት የሚነገረው የመኪና ቋንቋ በጣሊያንኛ የተሞላ ነው፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ። ታርጋውም፣ ሊብሬውም፣ ቦሎውም ከዚያው የመጡ ናቸው። በውጫሌ በአንድ ቃል ያልተስማሙ ሁለት ቋንቋዎች በኮፈን ሥር ተስማምተው ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል።

ከቃሉ ጋር አንድ ልማድም ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው ፊያት ካሚዮን ሲሰበር መለዋወጫ ከቱሪን ማዘዝ ቀላል አልነበረም። መፍትሔው ከሁለት የሞቱ አንድ ሕያው ማውጣት ነበር፤ የአንዱን ሞተር ለሌላው፣ የሌላውን ካምቢዮ ለዚህኛው። በአገራችን የሜካኒክ ሙያ የተማረው በዚህ ትምህርት ቤት ነው። መጽሐፉ የፋብሪካ መመሪያ አልነበረም፤ ዓይን፣ ሜትርና ብየዳ እንጂ። ሞተር ቅየራ ለዚህ ሙያ አዲስ ነገር ሳይሆን የመጀመሪያ ክፍል ትምህርቱ ነው።

ልማዱ ከካሚዮን ወደ ትናንሽ መኪኖች ለመውረድ ብዙ አልቆየም። በንጉሡ ዘመን የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረችው ሴይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ እ.ኤ.አ በ1955 ስትወጣ 633 ሲሲ ሞተር ከኋላዋ ተሸክማ ነበር፤ ጉልበቷ 22 ፈረስ ገደማ። እዚያው ጣሊያን ካርሎ አባርት የተባለው ሰው ይህችኑ መኪና ወስዶ ሞተሯን ወደ 747 ሲሲ አሳድጎ ጉልበቷን ወደ 40 ፈረስ አደረሳት፤ በዚህም የዓለም ስም አተረፈ። ትንሽ መኪና ላይ ትልቅ ልብ የማኖር ጨዋታ በሀብታም አገር ስፖርት ሆኖ ሲጀምር፣ በደሃ አገር ደግሞ ዳገት የመውጫ ብልሃት ነበር። ዘዴው አንድ ነው፤ ምክንያቱ ግን ለየቅል።

ቮልስ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ነው ቢባል ያስኬዳል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው፤ በአየር ስለሚበርድ ራዲያተር የለው፣ የውሃ ቱቦ የለው። ክሪክና ሁለት ብርቱ ሰው ካለ ከሰዓት በፊት ወርዶ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። የ1,192 ሲሲዋ ቮልስ 30 ፈረስ፣ ኋላም 34 ፈረስ ጉልበት ነበራት። ከዚያው ቤተሰብ የመጣው 1,584 ሲሲ ሞተር 50 ይደርሳል። የባለ 6 ቮልቱና የባለ 12 ቮልቱ ቮላኖ ስለሚለያይ ትንሽ መሞረድ፣ ትንሽ ማመቻቸት ይጠይቃል እንጂ ሞተሩ ቦታውን ያውቀዋል። የቮልስ ዕድሜ በአዲስ አበባ ጎዳና ይህን ያህል የረዘመው በጥንካሬዋ ብቻ ሳይሆን በዚህ ለመለወጥ እሺ ባይነቷም ጭምር ነው።

ከዚያ ዲኤክስ መጣች። ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ 70፣ እ.ኤ.አ ከ1979 ጀምሮ የተሠራችው፣ ስሟን ያገኘችው ከፋብሪካው «ዴሉክስ» ደረጃ ነው። የእኛ ሰው መኪናዋን በደረጃዋ ጠርቶ አስቀራት። ሞተሯ 4ኬ ይባላል፦ 1,290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራቶር፣ ሲሠራ የሚሰማ፣ ሲታመም የሚናገር ሞተር። ከአርባ ዓመት በኋላም ዲኤክስ በየከተማው አለች፤ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ብርም ትሸጣለች። በሌላው ዓለም ከብረት ሰብሳቢ እጅ የምትገባ መኪና እዚህ የቤተሰብ ቅርስ ናት።

ዲኤክስን ለሞተር ቅየራ ያመቻት የኬ ቤተሰብ ዘር ሐረግ ነው። ቤተሰቡ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1966 ከመጀመሪያዋ ኮሮላ ጋር በ1,077 ሲሲ ነው። ቀጥሎ 3ኬ በ1,166፣ 4ኬ በ1,290፣ 5ኬ በ1,486፣ በመጨረሻም 7ኬ በ1,781 ሲሲ መጡ። የ4ኬ የሲሊንደር ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 73 ነው። 5ኬ ምቱን እዚያው 73 ላይ ትቶ ስፋቱን ወደ 80.5 አሳደገው። ከውጭ ሲታዩ መንትዮች ናቸው፤ ከውስጥ ግን አንዱ ወንድሙን በ196 ሲሲ ይበልጠዋል። ስለዚህ 5ኬ በ4ኬ ቦታ ብዙ ብየዳ ሳይጠይቅ ይገባል። 7ኬ ምቱ 87.5 ስለሆነ ቁመቱ ይጨምራል፤ ኮፈኑ ሥር መለካት፣ ማመቻቸት ይጠይቃል። የቶዮታን ሞተሮች ዝምድና የሚያውቅ ሜካኒክ ሶማሌ ተራ ሲገባ የተቆለለውን ብረት እንደ ዘር መቁጠሪያ ያነበዋል፦ ይህ የዚያ ወንድም፣ ያ የዚህ አጎት።

ሦስተኛው ምክንያት ግብር ነው፤ ከሦስቱ ሁሉ ዝም ብሎ የሠራውም እሱ ነው። በ1995 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 መኪኖችን በሞተራቸው መጠን ከፈላቸው። እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ 100 በመቶ። አንዲት ሲሲ መስመሩን ብታልፍ ግብሩ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የቪትዝ 2ኤንዜድ ሞተር 1,298 ሲሲ ነው፤ ከመስመሩ በሁለት ሲሲ ዝቅ ብሎ። የኢትዮጵያ ገበያ በእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች የተጥለቀለቀው ዳገቱን አይቶ ሳይሆን የግብር ሠንጠረዡን አይቶ ነው። ከአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት አገሮች አንዷ በሆነች ምድር፣ አየር በሳሳበት ደጋ፣ ሕጉ ሰውን ወደ ትንሹ ሞተር ገፋው።

የተገፋ ሰው ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። የ2ኤንዜድ ታላቅ ወንድም 1ኤንዜድ 1,497 ሲሲ ነው። የሲሊንደር ስፋታቸው አንድ፣ 75 ሚሊ ሜትር፤ ልዩነቱ የፒስተን ምት ነው፤ 73.5 የነበረው 84.7 ይሆናል። እንደ 4ኬና 5ኬ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነቱ በዚህ ዘመን ከብሎኑ በተጨማሪ ሽቦውና ኮምፒውተሩም መስማማት ስላለባቸው አውቶ ኤሌክትሪሽያን የግድ ነው። ኤክሳይዝ ታክሱ የሚሰላው መኪናዋ ጉምሩክ ስትደርስ በያዘችው ሞተር ነው። ከዚያ በኋላ ኮፈኗ ሥር የሚሆነውን ግን ሠንጠረዡ አያየውም።

በ2012 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ነገሩን ወደ ሌላ ደረጃ ወሰደው። ለአዲስ ትንሽ መኪና ግብሩን ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ ያገለገሉ መኪኖችን ግን እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው እስከ 500 በመቶ ጫነባቸው። ዓላማው አሮጌ መኪና ከአገር እንዲጠፋ ነበር። ነገር ግን አዲስ መኪና የመግዛት አቅም የሌለው ሰው አሮጌውን አይጥልም፤ ያድሰዋል እንጂ። ከውጭ የሚገባው አሮጌ መኪና ሲወደድ እዚህ ያለው አሮጌ መኪና ወርቅ ሆነ። ሕጉ የአሮጌ መኪናን መግቢያ ዘጋ፤ ዕድሜውን ግን አረዘመ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የብልሃት ታሪክ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ሰው የሚሞትበት ነው።

ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ ሞተር የሚቀይር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ዳገቱን ነው። ከሐይቅ ደሴ የወጣ መኪና ግን ተመልሶ ይወርዳል። የመኪና ጉልበት ቢጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል። በፍጥነት ውስጥ ያለው ኃይል ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በካሬው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና 80 ቢሄድ ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ ነው፤ ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው ኃይል ግን 78 በመቶ ይጨምራል። ሸራው ያው አሮጌው ሸራ፣ ታምቡሩ ያው አሮጌው ታምቡር ከሆነ ልዩነቱ በሙቀት መልክ ይወጣል። በረጅም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቆማል። ፔዳሉ ይረገጣል፤ መኪናው ግን አይሰማም።

ፋብሪካዎች ይህን ያውቁታል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ በ1976 ጎልፍ ጂቲአይን ሲያወጣ 50 ፈረስ ለምትጎትት ትንሽ መኪና የአውዲን 110 ፈረስ ሞተር ሰጣት። ነገር ግን ሞተሩን ብቻ አልሰጣትም። የፊት ፍሬኗን አየር በሚገባው ዲስክ ለወጠ፣ ጎማዋን አሰፋ፣ ሞላዋን አጠነከረ፣ ቁመቷን ዝቅ አደረገ። ቶዮታም የዲኤክስ የቅርብ ዘመድ የሆነችውን ኤኢ 86ን እ.ኤ.አ በ1983 ሲያወጣ ባለ ሁለት ካምሻፍቱን 1,587 ሲሲ ሞተር ከጫነባት በኋላ አራቱንም ጎማ በዲስክ ፍሬን ያዘ። በፋብሪካ ቋንቋ ሞተር ቅየራ ማለት ሞተር፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ሞላና ራዲያተር በአንድ ላይ ነው። በእኛ ጋራዥ ግን በጀቱ የሚያልቀው ከሞተሩ ላይ ነው። «ፍሬኑን በኋላ እናየዋለን» ይባላል። ያ በኋላ የሚባለው ቀን አንዳንዴ ከመኪናው በፊት ያልቃል።

መንግሥት እዚህ ላይ የት ነው? ሊብሬው ላይ ነው። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ይጻፋል፤ ሞተር የቀየረ ሰው ሰነድ አቅርቦ ቁጥሩን ማስለወጥ አለበት። ደንቡ ተገቢ ነው፤ የተሰረቀ ሞተር የሚያዘው በዚህ ነው። ችግሩ የአሠራሩ ትኩረት ቁጥሩ ላይ መሆኑ ነው። ቁጥር የሚያረጋግጠው ሞተሩ የማን እንደሆነ ነው እንጂ ፍሬኑ ይችለው እንደሆነ አይደለም። የሂደቱ ውጣ ውረድ የመረረው ባለቤት ደግሞ ሊብሬውን ሳያስለውጥ ይነዳል። ከዚያ አደጋ ሲደርስ ሰነዱና መኪናው አይስማሙም፤ የሦስተኛ ወገን መድን ክርክር ይጀመራል፤ በመካከል የሚጎዳው መንገድ ዳር የቆመው እግረኛ ወይም ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። እሱ ስለ 5ኬ የሚያውቀው ነገር የለም።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከመቼውም በላይ አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያት አለ። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ ለምክር ቤት አስታወቁ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚሸምት አገር ውሳኔው የራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ብርቅ በሆነበት ሁኔታ የሐይቅ፣ የውጫሌና የመርሳ ሰው የሚነዳው ለብዙ ዓመታት ያንኑ ያለውን ቤንዚን መኪና ነው። አዲስ የማይገባለት አሮጌ መኪና ሞተሩ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ይቀየራል። ስለዚህ የሞተር ቅየራ እየከሰመ የሚሄድ የድሮ ልማድ አይደለም፤ ገና እየሰፋ የሚሄድ ሥራ ነው። ፖሊሲው አሮጌ መኪና ነገ የሚጠፋ ነገር አድርጎ ያስባል። ጋራዡ ግን ለሌላ ሃያ ዓመት እያዘጋጀው ነው።

የሚገርመው ነገር፣ የዳገቱ ጥያቄ የመጨረሻ መልስም ከዚያው ከኤሌክትሪክ ሊመጣ ይችላል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ስለዚህ ከፍታ ጉልበቱን አይነጥቀውም። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ መኪናውን ራሱ ይዞ የባከነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። በሌላው ዓለም አሮጌ ቮልስና አሮጌ ሚኒ ላይ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚጭኑ ጋራዦች ተከፍተዋል። በባትሪ ዋጋ ምክንያት ይህ ለዲኤክስ ባለቤት ዛሬ ሩቅ ነው። ሙያው ግን አንድ ነው፦ መለካት፣ መቀመጫ መበየድ፣ ዘንግ ማስማማት፣ ሽቦ መዘርጋት። ከትሬንታ ኳትሮ ጀምሮ ይህን ሲሠራ የኖረ ሙያተኛ ያለው አገር ከባዶ አይጀምርም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር የሞተር ቅየራ ይከልከል የሚል አይደለም። ዳገት በአዋጅ አይከለከልም፤ ድህነትም እንዲሁ። ይልቅ ሊደረግ የሚችለው ግልጽና ርካሽ ነው። ሞተር የቀየረ መኪና ለሊብሬ ለውጥ ሲቀርብ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ፍሬኑ በማሽን ይለካ። ሥራውን የሠራው ጋራዥ ስሙን ጽፎ ይፈርም፤ ለፊርማው ይጠየቅበት። የጉልበት ጭማሪው ከተወሰነ ልክ ካለፈ የፍሬን ለውጥ ግዴታ ይሁን። ሂደቱ በአንድ መስኮትና በአጭር ጊዜ ይለቅ፤ ሰው ከሕግ የሚሸሸው ሕግ ጠልቶ ሳይሆን ወረፋ ጠልቶ ነውና። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ በየወረዳው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ አለ። በእጅ የተማረውን ሜካኒክና በወረቀት የተማረውን መሐንዲስ አንድ ጋራዥ ውስጥ ማገናኘት ከባድ ሥራ አይደለም። አንደኛው 5ኬ በየት በኩል እንደሚገባ ያውቃል፤ ሌላኛው ሲወርድ ምን ያህል ፍሬን እንደሚፈልግ ያሰላል።

የወሎ ሹፌር ልጁን መንዳት ሲያስተምር ቁልቁለትን በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይላል። ሞተር የሚቀይር ባለቤትም፣ ጋራዡም፣ ሊብሬ ላይ ማኅተም የሚመታው መሥሪያ ቤትም ከዚህ ምክር በላይ የተራቀቀ ሕግ አያስፈልጋቸውም።